ሲሊንደር ላስሞላ ወጥቼ

አሮጌ ዕቃ የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ከሊስትሮ የበለጠ ወዳጅ የለውም። ደላላ ቤትና መኪና ያውቃል፤ ባለሱቅ የራሱን ሱቅ ያውቃል። ሊስትሮ ግን ከዚያች ዝቅተኛ መቀመጫው ላይ ሆኖ የሰፈሩን ገቢና ወጪ ሁሉ ያያል። የማን ቤት ዕቃ እየወጣ እንደሆነ፣ ማን የአባቱን ሬዲዮ ለልዋጭ ሰጥቶ ሳፋ እንደተቀበለ፣ ቆራሌው ጆንያውን ሞልቶ በየትኛው ቅያስ እንደወረደ፣ ከእሱ የተሰወረ ነገር የለም። እኔም ካዛንቺስ ቶታል አጠገብ ጫማዬን የሚጠርግልኝን ልጅ በሄድኩ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነበረኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየዋለሁ። «እንዲህ ያለ ነገር አላየህም?» እለዋለሁ። ብሩሹን ሳያስቀምጥ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያይና «ጋሼ፣ ይሄ የምን ጎማ ነው?» ይለኛል።

ጎማ አይደለም። የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚጠቀለልበት መዘውር ነው፤ እንግሊዞች ሴንተርፒን ይሉታል። ማርሽ የለው፣ ሞተር የለው። አንድ ክብ መጠቅለያ በአንዲት ቀጥ ያለች ፒን ላይ ይሽከረከራል፣ በቃ። እጀታውን አንዴ ስታዞሩት ክሩ አንድ ዙር ይጠቀለላል፤ አይጨምር፣ አይቀንስ። ጥሩ ሆኖ የተሠራውን በጣታችሁ ነካ አድርጋችሁ ብትተዉት ይዞራል፣ ይዞራል፤ እናቴ ጥጥ ስትፈትል እንዝርቷን አሽከርክራ የለቀቀችው ነው የሚመስለው።

ይሄ መዘውር የወንዝ ነው። ሐይቅ ላይም ቢሆን ይሠራል፣ ግን ሐይቅ ዝም ያለ ውሃ ስለሆነ ሙያውን አያሳይም። ወንዝ ላይ መንጠቆው የተንጠለጠለበትን ቡሽ ትጥላላችሁ፣ ውሃው ይዞት ይወርዳል፣ መዘውሩም ውሃው በሚጠይቀው ልክ ክሩን ይለቃል። አውራ ጣታችሁ ጠርዙ ላይ ዐረፍ ትልና ፍሬን ትሆናለች። ዓሣው የያዘ እንደሆነ በእሱና በእናንተ መሐል ከክሩና ከአውራ ጣታችሁ በቀር ሌላ አማላጅ የለም። እኔን የማረከኝ እሱ ነው። ባሌ ውስጥ፣ ዲንሾ አካባቢ በሚወርደው በዌብ ወንዝ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። እዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ዳር በዚህ መዘውር ቡሽ መልቀቅ የዘወትር ሐሳቤ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ከእንጨት ነበር የሚሠሩት። ኖቲንግሃም የምትባል፣ ትሬንት የሚባል ወንዝ ያላት የእንግሊዝ ከተማ አለች፤ የዚያ ሰዎች የዋልነት እንጨት ጠርበው፣ ከጀርባው በኮከብ ቅርጽ የተቆረጠ ናስ ያስሩበት ነበር። ኮከቡ ለጌጥ አይምሰላችሁ። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ይጣመማል፤ ናሱ ቀጥ አድርጎ እንዲይዘው ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1890ዎቹ ሄንሪ ኮክሰን የተባለ የዚያው ከተማ ሰው ከእንጨቱ የሚቀልል መዘውር አሰበ፤ የብስክሌት ጎማ በቀጫጭን ሽቦዎች ተወጥሮ ክብደት እንደሚሸከመው አሠራር ማለት ነው። የሬዲቹ የኦልኮክ ፋብሪካ «ኤሪያል» የሚል ስም ሰጥቶ አወጣው፤ እስከ ዛሬ ሰብሳቢ የሚሳሳለት እሱ ነው። የሃርዲ ፋብሪካ መዘውሮች አሉ፣ የያንግ ፋብሪካ የሠራቸው ትሩዴክስና ራፒዴክስ አሉ። በ1905 ግን ኢሊንግዎርዝ የተባለ ሰው መጠቅለያው ሳይዞር ክር የሚለቅ መዘውር በፓተንት አስመዘገበ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዚያ ዓይነቱ ረክሶ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ ሴንተርፒኑ ወደ መሳቢያ ገባ። መሳቢያ የገባ ዕቃ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ሀገር ለሀገር ይዞራል።

አዲስ አበባ የገባውም እንዲሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1941 እስከ 1951፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን እዚህ ነበር። ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በእንግሊዝ መምህራን በ1946 ሥራ ጀመረ። አየር ኃይሉን ያሠለጠኑት ስዊድኖች ደግሞ ሐይቅ በከበባት ቢሾፍቱ ከተማ ይኖሩ ነበር፤ ስዊድን ራሷ አቡ የሚባል የታወቀ የመዘውር ፋብሪካ የነበራት ሀገር ናት። በ1958 የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ሲቋቋምና በ1961 አፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ ካዛንቺስ የውጭ ሰው ከየአቅጣጫው የሚያድርባት ሰፈር ሆነች። ቆቃም የዚያን ሰሞን ነው፤ አዋሽ በ1960 ተገድቦ ያ ሁሉ ውሃ ሲተኛ ለአጥማጅ ከከተማው በቅርብ ርቀት ትልቅ ሐይቅ ተገኘ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። ስንቱ የውጭ ሰው ሻንጣውን ብቻ ይዞ ሄደ፤ የቀረው ዕቃ ለሾፌሩ፣ ለዘበኛው፣ ለወጥ ቤት ሠራተኛዋ ተረፈ። ስለዚህ እኔ መዘውር ስፈልግ ሱቅ አልፈልግም፤ ሾፌር የነበረ ሰው ቤት ነው የምፈልገው።

ሱቁንም ሞክሬዋለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ ሳንቲምና ቴምብር የሚሸጡትን ጠይቄ ካሜራ አሳይተውኛል፣ የኪስ ሰዓት አሳይተውኛል፤ አንዱም ቆሞ «ከዓሣ ጋር የተያያዘ ከፈለግህስ» ብሎ የባሕር ኮምፓስ ሊሸጥልኝ ነበር። ምናለሽ ተራም ወርጄ ጠይቄአለሁ። እዚያ ያለው ሰው ጥሩ ሰው ነው፤ የማይታጠፍ ብረት፣ የማይበየድ ቆርቆሮ የለም። ግን ናስ እዚያ በኪሎ ነው። በኪሎ የሚመዘን ዕቃ ምን እንደነበረ የሚጠይቀው የለም።

ድንገት ያጋጠማችሁ እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አዙራችሁ ጠርዙን በዓይን ተመልከቱት፤ የሚወላገድ ከሆነ እንጨቱ ተጣሟል። ቀጥሎ ጆሮ አስጠጉ። ካፏጨ ፒኑ ቆሽሿል ወይም ተበልቷል። ቆሻሻውን ላምባ ያስለቅቀዋል፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ታደርጉበታላችሁ፤ የተበላን ፒን ግን ማንም አይመልሰውም። እጀታዎቹ ቀንድ ከሆኑ ትል እንዳልገባቸው እዩ። ባለቤቱ ዋጋውን ከእናንተ ዓይን ላይ ነውና የሚያነበው፣ ከሁሉም በፊት ፊታችሁን ያዙ።

እንግዲህ ሲሊንደር ላስሞላ ወደ ወጣሁበት ቅዳሜ ልምጣ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ካዛንቺስ ለልማት በምትነሳበት ሰሞን ነው። የምንኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው። ባለቤቴ ባዶውን የጋዝ ሲሊንደር በር ላይ አውጥታ አቁማልኛለች። ከሰል አቀጣጥላ ጎመን ጥዳለች፤ እንግዳም አለባት። «ካዛንቺስ በኩል ጋዝ ገብቷል ይላሉ፤ ሰልፉ ሳይረዝም ሂድ» አለችኝ። ተሸክሜ ወጣሁ። ባዶም ቢሆን ሲሊንደር ሲሊንደር ነው፤ በቀኝ እጅ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ በግራ ትቀይራላችሁ፣ ቀጥሎ ትከሻ ይመጣል።

ቶታል ጋ ስደርስ ሊስትሮው ከሩቅ አይቶኝ ተነሳ። «ጋሼ! ጎማህን አገኘሁት።» ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቅያስ፣ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ፣ ማድ ቤቱ መቃን ላይ ተቸንክሮ የልብስ ማስጫ ገመድ ይጠቀለልበታል። እጀታ አለው፤ ከኋላው ቢጫ ነገር አለው። ቢጫ ነገር ሲለኝ ሲሊንደሩ ከትከሻዬ ሊወርድ ምንም አልቀረው። «ግን ዛሬ እየወጡ ነው» አለኝ።

ሰልፉን ትቼ ወደ ቅያሱ ገባሁ።

ካዛንቺስን የሚያውቅ ያውቃታል። ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራባት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው በሰው ላይ፣ ጭቃ ቤት በድንጋይ ቤት ጎን እየቀጠለ የሞላት ሰፈር ነበረች። ያን ቀን ቅያሱ በሰውና በዕቃ ታጭቋል። የዕድሩ ወንበር ውጭ ተደርድሯል። አይሱዙ ወደ ኋላ እየተገፋ ገብቶ አፉን ግቢው በር ላይ አድርጎ ቆሟል። ሴቶች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ አንዷ እያለቀሰች ቡና ትቀዳለች። የአርባ ዓመት ጎረቤት ነው የሚለያየው። እኔ ሲሊንደሬን ይዤ፣ ዓይኔን ወደ ማድ ቤቱ መቃን ልኬ በመሐላቸው አለፍኩ።

አንድ ጎረምሳ ከፊቴ ቆመና «አምጣው ፋዘር፣ ጋዙ ከሥር ይሁን» ብሎ ሲሊንደሩን ከእጄ ተቀበለኝ። ተቀበለኝ ነው የምላችሁ፤ አልነጠቀኝም። ሸክም የያዘ ሰው ሸክሙን ሲቀበሉት አፉ «ተባረክ» ነው የሚለው። አልኩ። ሲሊንደሩ ከመኪናው አናት ላለው ልጅ ተወረወረ፣ እሱ ወደ ውስጥ አንከባለለው፣ በላዩ ፍራሽ፣ በፍራሹ ላይ የአልጋ ራስጌ፣ በራስጌው ላይ ምጣድ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ አበው፤ እኔ የቆጡን ገና ሳላየው።

«ወንድሜ፣ ያ እኮ የኔ…» ብዬ ገና ስጀምር አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ከቤት ወጡ። ዓይናቸው አብጧል። አዩኝ፣ እጃቸውን ዘረጉ። «መጣህልኝ የኔ ልጅ! የእህቴ ልጅ! አልመጣም ብለህ ስልክ ስትዘጋ አልቅሼ ነበር እኮ!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ጉንጬ በእንባቸው ራሰ። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ እዚህ ላይ ምን ይባላል? «እማማ፣ እኔ የእርስዎ የእህት ልጅ አይደለሁም፣ ለልብስ ማስጫዎ ነው የመጣሁት» ይባላል? ቤታቸውን ለቀው በሚወጡበት ቀን? እኔ አልቻልኩም። «አይዞዎት እማማ» አልኩና ጀርባቸውን መታ መታ አደረግኩ።

ከዚያ በኋላማ የቤቱ ልጅ ነኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ እኔ ግን እንደ ቅርብ ዘመድነቴ የደረሰኝ ሎሚ ትልቅ ትልቁ ነበር። ማቀዝቀዣ ተሸከምኩ። የእንጀራ ምጣድ ከነጋቢው ተሸከምኩ። በመሐል ግን አንድ ጊዜ ወደ ጓሮ ዞር ብዬ ማድ ቤቱን አየሁት። በሩ የለም። መቃኑም የለም። መቃኑ የነበረበት ቦታ ጭቃው በቁመቱ ተቦድሶ ጭዱ ወጥቶ ይታያል፤ ከመሬቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተፈርፍሯል። ማድ ቤቱን ሟች ባለቤታቸው በእጃቸው የቀጠሉት ስለነበር በሩንም፣ መቃኑንም፣ ቆርቆሮውንም ጠዋት አንድ አሮጌ እንጨት ገዢ በጋሪ ጭኖት ሄዷል አሉኝ።

ልቤ ስብር አለ። ልመለስ ብል ሲሊንደሬ ከፍራሽ ሥር ነው። ፍራሹ ላይ ደግሞ አሁን ቡፌው ሊጫን ነው።

በዚህ ዓይነት ነው ወደ አዲሱ ሰፈራቸው፣ ወደ ገላን ጉራ የሄድኩት። ከኋላ፣ ፍራሽ ላይ፣ አንድ እጄ የቡፌውን እግር ይዞ። መኪናው ጎተራን አልፎ ሳሪስ ሲደርስ ባለቤቴ ደወለች።

«የት ደረስክ?»

«ሳሪስ።»

ዝም አለች። «ሳሪስ ምን አለ?»

«ወደ ቃሊቲ እየሄድን ነው።»

«ከማን ጋር?»

ቀና ብዬ አየሁ። አጠገቤ አንድ የዕድሩ ዳኛ፣ ሁለት ጎረምሶች፣ አንዲት በካርቶን ውስጥ ያለች ዶሮ። «ከዘመዶች ጋር» አልኳት። ስልኩ ተዘጋ።

አዲሱ ሰፈር ቤቱ ያምራል፣ መንገዱ ሰፊ ነው። የእማማ ቤት ግን ፎቅ ላይ ነው፤ ቡፌው ደግሞ ፎቅ ይመጣል ተብሎ የተሠራ ቡፌ አይደለም። ከድሮው የዋንዛ ጣውላ የተሠራ፣ ባለ መስታወት፣ ሁለት ሰው የማያነሳው ነው። ሁለቱ ጎረምሶች ከላይ ያዙ፤ እኔና ዳኛው ከታች። የደረጃው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ቆመ። ወደ ግራ አዙሩት አለ አንዱ። ወደ ቀኝ አለ ሌላው። ዳኛው ወገባቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኔ በቡፌውና በግድግዳው መሐል ቀረሁ፤ ጉንጬ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ በመስታወቱ ውስጥ የሟቹ ፎቶግራፍ በትይዩ ያየኛል። በጥቁር መኪና በር ላይ ተደግፈው የተነሱት ነው፤ ባርኔጣቸው ወደ ኋላ ተገፍቷል። በእጃቸው ረጅም የማጥመጃ ሸንበቆ አለ። ከሸንበቆው ሥር ላይ ክብ ነገር ታሥሯል።

እኔ እዚያ ተጨንቄ እያለሁ ነው ፎቶው ውስጥ ያንን መዘውር ያየሁት። ከላይ ያሉት አሁንም ቀኝና ግራ ይከራከራሉ። የአዲሱ ሰፈር ልጆች ደረጃው ላይ ተሰብስበው ያያሉ። «ማነው እሱ የተያዘው ሰውዬ?» አለች አንዲት ልጅ። «የእማማ የእህት ልጅ ነው» አላት ሌላው። በዚህ መሐል ከታች የጫማ ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ በፌስታል ብርቱካን የያዘ ሰው እየሮጠ ወጣ። «አክስቴ! አክስቴ ይቅርታ! መንገድ ዘግተውብኝ ነው!»

ይሄ ነው እንግዲህ የእህታቸው ልጅ።

ቡፌው ወዲያው ዞረ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም ሰው እኔን ለማየት ሲል ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ስላለ ይሆናል። ወጣሁ። ሸሚዜ ኖራ በኖራ ሆኗል። እማማ ከላይ ከበሩ ላይ ቆመው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ማንም አይናገርም። የቀዘቀዘ ነገር ሆነ፤ ባዶ ቤት፣ ገና ያልተቆጠረ ዕቃ፣ መሐሉ ላይ ማንም የማያውቀው ሰው።

«ታዲያ አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ እማማ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«ሲሊንደር ላስሞላ ወጥቼ ነው» አልኩ።

ዳኛው ከተቀመጡበት ተነሱ። «እስቲ መታወቂያ» አሉ። ሰጠኋቸው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚለውን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ከዚያ ፎቶዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ኖራውን አራገፉልኝና እንደገና አዩ። «ሲሊንደሬ ከፍራሹ ሥር ነው» አልኳቸው። ወርደው አወጡት። ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ የእማማ ነው፣ ቀለሙም መጠኑም አንድ። ጎረምሳው ሁለቱንም ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነ፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ ባዶ። «የትኛው ነው ያንተ?» አለኝ፣ ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ።

«ባዶው።»

ዳኛው መታወቂያዬን መለሱልኝ። ባዶ ሲሊንደር የእኔ ነው ብሎ የሚዋሽ ሰው እንደሌለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው። ብርቱካን ተላጠልኝ። እማማ ከጎናቸው አስቀመጡኝና ጉዳዬን ጠየቁኝ፤ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው።

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «የሱ መዘውር!» ባለቤታቸው የአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ሾፌር ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆቃ ይወርዳሉ፤ ረጅም ዕረፍት ከሆነ ላንጋኖ። መጀመሪያ ከዳር ቆመው ያዩ ነበር፤ በኋላ ሰውየው አስተማራቸው። በ1967 ዓ.ም. ቤተሰቡ ሲሄድ ሸንበቆውንና መዘውሩን ሰጥቷቸው ሄደ። ሸንበቆው በጊዜ ብዛት ተሰበረ። መዘውሩን ግን መቃኑ ላይ ቸነከሩትና ከግቢው ማዶ እስከ ጥዱ ግንድ ድረስ የናይለን ገመድ ዘረጉበት። ዝናብ ሲመጣ እማማ ልብሱን ሰብስበው እጀታውን ያዞራሉ፤ ገመዱ ይጠቀለላል። «ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ አንድ ቀን ተንቋቁቶ አያውቅም» አሉኝ። እኔ ይሄን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ስንት ኤሪያል በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሳይዞር ይኖራል፤ ይሄ ግን ካዛንቺስ ውስጥ የአንሶላ ገመድ እየጠቀለለ ሲሠራ ኖረ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መዘውር ይሄ ነው።

«ከመቃኑ ጋር ሄደ በለኛ» ብለው እማማ ማዘን ሲጀምሩ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው የልጅ ልጃቸው ከበሩ ኋላ ብቅ አለ። እጁ ከጀርባው ነው። «ሁሉም አልሄደም» አለ። ከመሐሉ ያለችውን ትንሽ ምላስ ተጭኖ መጠቅለያውን ከትናንት ወዲያ ከፒኑ ላይ አውልቆት ኖሯል። የሽቦ መኪናው መሪ አድርጎታል።

ልጁ ገበያ ያውቃል። ፊቴን አይቷል፤ እናንተን ያስጠነቀቅኩት ነገር ነው። ብር አልፈልግም አለ። ኩሽኔታ ነው የምፈልገው፣ አራት፣ እኩል እኩል፣ የማይቆረቁር። እዚህ መንገዱ አስፋልት ነው፣ ቁልቁለት አለው፣ ጋሪ ሊሠራ ነው። ተስማማን። ላንቻ አካባቢ ካሉት ጋራዦች የተጣለ ኩሽኔታ ለቃቅሜ፣ በናፍታ አጥቤ፣ በቀጠሮው ቀን ወሰድኩለት። አንድ በአንድ ጣቱ ላይ ሰክቶ አሽከረከራቸው፤ አንደኛው አልተመቸውም፣ አስቀይሮኛል። ከዚያ መጠቅለያውን ሰጠኝ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስፋቱ ከመዳፌ ትንሽ ይበልጣል። ዋልነቱ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ላይ የናይለን ገመዱ የቦረቦረው ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ የደረቀ የሳሙና አረፋ ነበር፣ በክብሪት እንጨት ጠርጌ አወጣሁት። ሁለቱም እጀታዎች ቀንድ ናቸው፣ አንደኛው ከእማማ አውራ ጣት ብዛት በአንድ ጎኑ ጎድጉዷል። ጠርዙ ሲዞር አይወላገድም። ከመሐል ያለው የናስ ቀዳዳ ንጹሕ ነው፣ አልተበላም። በሚስማር ላይ ሰክቼ ሞክሬዋለሁ፤ ሚስማር ግን ልኩ አይደለም፣ ይንቀጠቀጣል። ቶርኖ ቤት ወስጄም አሳይቻለሁ። ባለሙያው በደንብ አገላብጦ አየና «ጀርባውን ከአሉሚኒየም እሠራልሃለሁ፣ ፒኑንም እጨምርልሃለሁ፣ ከበፊቱ ይሻላል» አለኝ። ሊሻልም ይችላል። ግን መጠቅለያና ፒን አብረው ያረጁ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ልክ ይዞ ነው የሚኖረው። ናሱ ወደ ኪሎ ሚዛን ሳይሄድ እፈልገዋለሁ ብዬ ይዤው ተመለስኩ።

እና ስለዚያ መቃን ልንገራችሁ። ጥድ ነው፣ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ አለ። በሰው ደረት ከፍታ ላይ ክብ እንጨት ተቸንክሮበታል፤ በእንጨቱ ላይ አራት ክንድ ያለው የናስ ኮከብ፣ ከኮከቡ መሐል የወጣች የጣት ያህል ፒን። ከአራቱ ክንዶች አንዱ ላይ ብሎኑ ወልቆ በሚስማር ተተክቷል፤ እማማ ናቸው የነገሩኝ፣ ሟቹ ራሳቸው የመቱት ነው። እንጨቱን በጋሪ የገዛው ሰው መቃኑን ለሌላ በር ሸጦት ከሆነ፣ በሩ የተገጠመበት ቤት ባለቤት ሳይነቅለው ዋጋውን ይንገረኝ። ገመድ ዘርግቶበት ከሆነ ደግሞ መጠቅለያውን ይዤለት እመጣለሁ፤ ገጥመን እንየው።